የቤተ ክርስቲያን ዐጸድ ደን፤ የጥበቃው ምክንያትና የመተካቱ ችግር

፩. የጽሑፉ ዓላማ

በደቡብ ጎንደር በደብረ ታቦርና በጣና ሐይቅ መካከል ያለውን አገር ከፍ ካለ ቦታ ላይ ሆኖ የተመለከተ ሰው ሁለት ነገር ያያል። አንደኛው ዐይን እስኪደክም ድረስ የተዘረጋው እርሻና ግጦሽ ነው። ሁለተኛው በእርሻው መካከል እዚህም እዚያም እንደ ደሴት ተለይቶ የቆመው ጥቁር ደን ነው። መንገደኛው እንዲህ ያለውን ደን ከሩቅ ባየ ጊዜ «ያ የማን ታቦት ነው?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ «ያ ምን ደን ነው?» ብሎ አይጠይቅም። ደን ካለ በውስጡ ቤተ ክርስቲያን መኖሩን ያውቃልና።

ስለ አየር ጠባይ መለወጥና ስለ ደን መመናመን በሚነገርበት ጊዜ ስማቸው ተደጋግሞ የሚጠራው የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና የውጭ አገር ድርጅቶች ናቸው። በዚህ ክፍል ግን ከቀረው የተፈጥሮ ደን ብዙውን ጠብቆ ያቈየው የሃይማኖት ማኅበር ነው፤ ጥበቃውንም የጀመረው ይህ ጉዳይ በዓለም መወያያ ከመሆኑ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ነው። በዚህ ጽሑፍ የምናስረዳው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፤ ደኑ በምን ምክንያት ሳይቈረጥ እንደ ቆየ፤ ሁለተኛ፤ ሳይቈረጥ መቆየቱ ብቻውን ለምን እንደማይበቃውና ማኅበሩ ራሱ በዚህ ረገድ ምን ማድረግ እንደ ጀመረ ነው። በጽሑፉ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

፪. ደኑ ሳይቈረጥ የቆየበት ምክንያት

የአገራችን ቤተ ክርስቲያን ሕንፃ በቅኔ ማሕሌት፤ በቅድስትና በመቅደስ እንደሚከፈል የታወቀ ነው። ከውጭ ወደ ውስጥ በተገባ መጠን የቦታው ክብር ይጨምራል፤ የሚገባውም ሰው ቍጥር ያንሳል። ይህ ሥርዐት በሕንፃው ግድግዳ አያበቃም። ከግድግዳው ውጭ ዐጸዱ አለ፤ ዐጸዱም የታቦቱ ክብር የሚደርስበት ስፍራ ስለ ሆነ ምእመኑ ገና ከበሩ ሲደርስ ይሳለማል። በዐጸዱ ውስጥ የበቀለ ዛፍ የታቦቱ ነው። ካህናቱም ብዙ ጊዜ ደኑን የቤተ ክርስቲያን ልብስ ነው ይሉታል፤ ልብሷን የገፈፈ ሰው እንደ ደፈራት ይቈጠራል።

በዚህ እምነት ምክንያት ከዐጸድ ዛፍ ቈርጦ ለግል ጥቅም ማዋል ነውርም ኀጢአትም ነው። ካህኑ ከገዘተ በኋላ ግዝቱን የሚሽር ሰው እምብዛም አይገኝም፤ የሚፈራውም የዳኛን ቅጣት ሳይሆን የታቦቱን ቍጣ ነው። ለደን ጠባቂ ደመወዝ የሚከፍል ሳይኖር አንድ የገጠር ደብር ደኑን በብዙ ትውልድ ሊጠብቅ የቻለው በዚህ ኀይል ነው።

ይህ ማለት ግን ደኑ ከሰው ተለይቶ የተዘጋ ነው ማለት አይደለም። የቤተ ክርስቲያኑ ምሰሶና በር ከጽድ፤ ከዝግባ ወይም ከዋንዛ ይሠራል። ከበሮው ከዋንዛ ይፈለፈላል። የአብነት ተማሪዎች በደኑ ዳር ጎጆ ቀልሰው ይኖራሉ፤ ቅኔውንም የሚቈጥሩት በዛፍ ጥላ ሥር ነው። ብዙ ስፍራ ጠበሉ የሚፈልቀው ከደኑ ውስጥ ነው። ሙታን የሚቀበሩትም በዚያው ነው። ደኑ ይሠራበታል፤ የሚሠራበት ግን ለማኅበሩ አገልግሎት ነው።

በጣና ሐይቅ ዳር ያለው የዘጌ ልሳነ ምድር ከዚህ የሰፋ ምሳሌ ይሆነናል። በአገሩ ትውፊት አቡነ በትረ ማርያም በትራቸውን ሰባብረው ቢተክሉት ቡና፤ ጌሾና ሎሚ ሆኖ በቀለ፤ የዘጌም ሕዝብ ሳያርስና ከብት ሳያረባ በእነዚህ በሦስቱ እንዲኖር ቃል ተገባለት ይባላል። ትውፊቱን ታሪክ ጸሓፊ እንደ ወደደ ሊመረምረው ይችላል። ለጥናታችን የሚጠቅመው ግን ትውፊቱ የያዘው የኑሮ ሥርዐት ነው። ቡና ጥላ ይፈልጋል፤ ጥላ ትልልቅ ዛፍ ይፈልጋል፤ ማረስና ከብት ማሰማራት የተከለከለበት መሬትም ችግኝ ያበቅላል። የዘጌ ደን እስከ ዛሬ የቆየው እምነቱና የገበሬው እንጀራ በአንድ መንገድ ስለ ሄዱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2017 ስለ ሰሜን ኢትዮጵያ የቤተ ክርስቲያን ደኖች የጻፉ ተመራማሪዎች ይህን ዐይነቱን ጥበቃ «የጥላ ጥበቃ» የሚል ትርጕም ያለው ስም ሰጥተውታል። አሳቡ፤ ሰዎቹ የሚጠብቁት የተቀደሰውን ቦታ ሲሆን ዛፉ በዚያ ጥላ ሥር ሆኖ ይጠበቃል ማለት ነው። አባባሉ ትክክል ይመስለናል። ከዚህም የሚከተል ነገር አለ፤ ዛፉ የሚጠበቀው በቦታው ክብር ከሆነ፤ ክብሩን የማይነካ መስሎ የሚታይ ጉዳት ሁሉ ሳይከለከል ያልፋል። ዛፍ መቍረጥ ክብርን መንካት መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በሬ ገብቶ ችግኝ ቢበላ ግን ማንም እንደ ድፍረት አይቈጥረውም።

፫. ደኑ የያዘው ሀብት

በአገራችን ያሉት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ አብያተ ክርስቲያናት ወደ 35,000 ይደርሳሉ ተብሎ ብዙ ጊዜ ይጻፋል። ሁሉም ደን ያላቸው አይደሉም፤ ያላቸውም ቢሆኑ አብዛኛዎቹ ትንንሽ ናቸው። ይሁን እንጂ በውስጣቸው ያለው የዕፀዋት ዐይነት ከስፋታቸው ጋራ ሲመዛዘን እጅግ ብዙ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እ.ኤ.አ. በ2007 በሆላንድ አገር በዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ላቀረቡት የዶክትሬት ጥናት በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን መርምረዋል። አብያተ ክርስቲያናቱ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,816 እስከ 3,111 ሜትር ባለው ከፍታ የሚገኙ ናቸው። በእነዚህ ደኖች 168 እንጨትነት ያላቸው ዕፀዋት ተቈጥረዋል፤ ከነዚህም 100 ዛፎች፤ 51 ቍጥቋጦዎችና 17 ሐረጎች ናቸው። ጽድ፤ ወይራ፤ ዝግባ፤ ዋንዛ፤ ጥቍር እንጨት፤ ብሳናና እነዚህን የመሳሰሉ ዛፎች በዐጸዱ ውስጥ ጐን ለጐን ቆመው ይታያሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በብዙ መጻሕፍትና በብዙ ንግግር «የኢትዮጵያ ደን ቀድሞ ከመቶው 40 ነበረ፤ ወደ ከመቶው 3 ወረደ» የሚል ቍጥር ይጠቀሳል። ጄምስ ማካን የተባሉ ታሪክ ጸሓፊ እ.ኤ.አ. በ1997 ባወጡት ጽሑፍ ይህ ቍጥር የቆመበትን ማስረጃ መርምረው ደካማ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ ዐጸዱን ሁሉ «ቀድሞ አገሩን የሸፈነው ጫካ ቅሬታ ነው» ብሎ በአንድ ቃል ከመደምደም መቈጠብ ይሻላል። አንዳንዱ ከጥንት የቀረ፤ አንዳንዱ ካህናትና መነኮሳት የተከሉት፤ አንዳንዱም ሁለቱ የተቀላቀሉበት ሊሆን ይችላል።

ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የሚሰጠን ኢጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ1938 ከአውሮፕላን ያነሡት ፎቶግራፍ ነው። ተመራማሪዎች ይህን ፎቶግራፍ በ2015 ከሳተላይት ከተነሣው ጋራ አስተያይተው በ2017 ባሳተሙት ጥናት፤ የደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች በስፋታቸው በጠቅላላው ጸንተው መቆየታቸውን አስረድተዋል። የተለወጠው በዙሪያቸው ያለው አገር ነው። ቀድሞ ደኑን ከብቦት የነበረው ቍጥቋጦ ተመንጥሮ እርሻ ሆኗል፤ ባሕር ዛፍም በዝቷል። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1890ዎቹ መሆኑ የታወቀ ነው። እንግዲህ በእነዚህ 77 ዓመታት ውስጥ ደኑ ሳይጠብ ብቸኛ ሆነ ማለት ነው።

፬. ደን ቆሞ ሲያረጅ

«ስፋቱ ካልጠበበ ምን ያሠጋዋል?» ተብሎ ይጠየቅ ይሆናል። መልሱ ያለው ከላይ ሳይሆን ከሥር ነው። ከአውሮፕላን የሚታየው የትልልቁ ዛፍ ዐናት ነው፤ በዛፉ ሥር ችግኝ መኖሩንና አለመኖሩን ፎቶግራፍ አያሳይም። ልጅ ሳይወለድበት ሽማግሌዎቹ ብቻ የቀሩበት ቤት ከውጭ ሲያዩት እንደ ሙሉ ቤት ይመስላል። ደኑም እንዲሁ ነው፤ አንድ ዛፍ ብዙ ዘመን ስለሚኖር የመተካቱ ጕድለት ሳይታወቅ ሁለትና ሦስት ትውልድ ያልፋል።

የመተካቱ ችግር ሦስት ምክንያት አለው።

የመጀመሪያው የዘሩ ጠባይ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ዶክተር ደመል ተከታይ በ2006 ባሳተሙት ጥናት ከቤተ ክርስቲያን ደኖች አፈር ወስደው በአፈሩ ውስጥ የተኛውን ዘር አብቅለው ቈጥረዋል። የበቀለው አብዛኛው የሣርና የአረም ዘር ነው፤ የትልልቆቹ ዛፎች ዘር ግን በአፈሩ ውስጥ እምብዛም አልተገኘም። የእነዚህ ዛፎች ዘር በወደቀ በአጭር ጊዜ ውስጥ ይበቅላል፤ ወይም ይበላል፤ ወይም ይበሰብሳል እንጂ እንደ አረም ዘር ብዙ ዓመት ተኝቶ አይቆይም። ስለዚህ የደኑ ተስፋ በጎተራ የተቀመጠ እህል አይደለም፤ በየዓመቱ ከቆመው ዛፍ የሚወድቀው ዘር ብቻ ነው። እናቲቱ ዛፍ ከሞተች በኋላ አፈሩ ሌላ የሚያወጣው የለም። በዙሪያው ያለውም እርሻ ስለ ሆነ ከሌላ ስፍራ ዘር በቀላሉ አይመጣም።

ሁለተኛው ምክንያት ከብት ነው። የግጦሽ መሬት ባነሰ መጠን እረኛው ከብቱን ወደ ዐጸዱ ያስጠጋል፤ በበጋ በተለይ ከደኑ በቀር ለምለም ነገር አይገኝም። በሬና ላም፤ በግና ፍየል የበቀለውን ችግኝ ይበላሉ፤ ያልበሉትን ይረግጣሉ፤ አፈሩንም ስለሚጠቀጥቁት የዝናቡ ውሃ ወደ ውስጥ መስረጉን ትቶ በላዩ ይፈሳል። በ2009 የታተመ የዶክተር ዓለማየሁና የባልንጀሮቻቸው ጥናት በደኑ ውስጥ የታጠረና ያልታጠረ ቦታ አስተያይቶ፤ ከብት በማይገባበት ክልል ችግኙ በብዛት እንደሚበቅል፤ ከበቀለም በኋላ በሕይወት የመቆየት ዕድሉ የተሻለ እንደሚሆን አረጋግጧል።

ሦስተኛው የጠርዝ ነገር ነው። ፀሐይና ነፋስ የደኑን ዳር ያደርቁታል፤ በደረቀው ዳር ጥላና እርጥበት የለመደ ችግኝ አይጸናም። ይህ ጉዳት ትንሹን ደን ከትልቁ ይልቅ ለምን እንደሚጐዳው በቀላል ሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ለምሳሌ ያህል ድርቀቱ ከዳር ወደ ውስጥ 20 ሜትር ይገባል እንበል። ከመካከል እስከ ዳር 100 ሜትር የሆነ ክብ ደን ስፋቱ 3.14 ሄክታር ያህል ነው፤ ከዚህም ሳይነካ የሚቀረው መካከሉ 2 ሄክታር ነው፤ የተጐዳውም ከመቶ 36 ይሆናል። ከመካከል እስከ ዳር 50 ሜትር ብቻ የሆነው ደን ግን ከመቶ 64 የሚሆነው ጠርዝ ሆኖ ይቀራል። ቀድሞ ቍጥቋጦው በዙሪያው ሳለ ይህን ፀሐይና ነፋስ ይከላከልለት ነበር። የ1938ቱ ፎቶግራፍ የሚያሳየው የቍጥቋጦው መጥፋት ቀላል ነገር ያልሆነው ስለዚህ ነው።

የአየሩ ሙቀት እየጨመረ የዝናቡም ወራት እየተዛባ ሲሄድ ይህ ጉዳት ይብሳል። በአንጻሩ የደኑ ጥቅም የሚጐላው በዚያው ጊዜ ነው። የረገፈው ቅጠል ዝናቡን ተቀብሎ ቀስ በቀስ ወደ መሬት ስለሚያሰርገው ከበታቹ ያለው ምንጭ ቶሎ አይደርቅም። በደኑ የሚኖሩት ንቦችና ሌሎች ነፍሳት በዙሪያው ያለውን የገበሬ ሰብል አበባ ይጐበኛሉ። የአገር ተወላጅ ዛፍ ችግኝ ለማፍላት የሚፈልግ ሁሉ ዘር የሚለቅመው ከቆሙ እናት ዛፎች ነው፤ በ2019 የተጀመረውን የአረንጓዴ ዐሻራን የመሰለ ሰፊ የተከላ ሥራ ከባሕር ዛፍ ሌላ የሚተክለው እንዲኖረው ከተፈለገ እነዚህ እናቶች መኖር አለባቸው።

፭. ካቡ

ችግሩ ከታወቀ በኋላ የተወሰደው ርምጃ እጅግ ቀላል ነው፤ በዐጸዱ ዙሪያ የድንጋይ ካብ መካብ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ከዶክተር ማርጋሬት ላውማን ጋራ ሆነው ካህናትን በመሰብሰብ የየደብራቸውን ደን ከሳተላይት በተነሣ ፎቶግራፍ አሳዩአቸው። ካህናቱ ደናቸውን ከሥር ሆነው በየቀኑ ያዩታል፤ ከላይ ሆነው በእርሻ ተከቦ ብቻውን መቅረቱን ሲያዩ ግን ጕዳዩ ሌላ መልክ ያዘ። ከዚህ በኋላ በበርካታ አጥቢያዎች ካቡ ተሠራ።

ይህ ሥራ ከብዙ የልማት ሥራ የሚለይበትን ምክንያት መመርመር ይገባል። ድንጋዩ የሚመጣው ከገበሬው እርሻ ነው፤ ለማረሻው እንቅፋት የነበረው ድንጋይ ሲለቀም መሬቱም ይጠራል፤ ካቡም ይቆማል። ካቡ ያለ ሲሚንቶ ስለሚካብ ቢፈርስ የሰፈሩ ሰው ራሱ መልሶ ይሠራዋል። ሥራውን የሚያዝዘው ሰበካ ጉባኤው ነው፤ ጕልበቱን የሚሰጠው ምእመኑ ነው። ከውጭ የመጣው ርዳታ ወጪውን አቃለለ እንጂ ሥራውን አልወለደውም።

ከሁሉ በላይ ካቡ ለቤተ ክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። ቅጥር የተቀደሰውን ካልተቀደሰው የሚለይ ምልክት መሆኑን ምእመኑ ከልጅነቱ ያውቃል። ተመራማሪው ስለ ችግኝ ሲናገር ካህኑ ስለ ዐጸዱ ክብር ይሰማል፤ ሁለቱም የሚስማሙት በአንድ ካብ ላይ ነው። ከላይ እንዳልነው የበሬው መግባት እንደ ድፍረት አይቈጠርም ነበር፤ ካቡ ከቆመ በኋላ ግን ዘሎ የገባ ከብት ድንበር ጥሷል፤ እረኛውም ይጠየቃል። እንግዲህ ካቡ የድሮውን ክልከላ ከትልቁ ዛፍ ወደ ትንሹ ችግኝ አወረደው ማለት ነው። አንዳንዱ ካብ ከደኑ ዳር ጥቂት ወጣ ብሎ የተሠራ ስለ ሆነ ደኑ የሚሰፋበት ቦታ አግኝቷል። በ2017 የታተመ ሌላ ጥናትም ካብ ያላቸው ትንንሽ ደኖች ከሌላቸው ይልቅ በደኅና ሁኔታ ላይ መሆናቸውን አመልክቷል።

፮. ካቡ የማይመልሰው ጥያቄ

ከዚህ በላይ የተባለው ሁሉ ካቡ ችግሩን ጨርሶ ይፈታል ለማለት አይደለም። ካብ ከብትን ይከለክላል፤ ሰውን አይከለክልም።

ቤተ ክርስቲያን በ1975 በወጣው የገጠር መሬት ዐዋጅ ይዞታዋን አጥታለች። ከዚያ ወዲህ የገጠሩ ደብር የሚኖረው በምእመናን አስተዋፅኦ ነው። ጣራው ቆርቆሮ ሲፈልግ፤ ካህናቱም ሲቸገሩ፤ ሰበካ ጉባኤው ወደ ባሕር ዛፍ ይመለከታል። ባሕር ዛፍ በጥቂት ዓመት ደርሶ ይሸጣል፤ ወይራ ግን የተከለው ሰው የልጅ ልጅ እንኳ ሳይደርስበት ይቀራል። ስለዚህ በዐጸዱ ዳር፤ አንዳንድ ጊዜም በውስጡ፤ የአገሩን ዛፍ እየተካ ባሕር ዛፍ ይተከላል። በሌላ በኩል የሚሸጥ ባሕር ዛፍ ያለው ደብር ጽዱንና ዝግባውን ለመቍረጥ አይገደድም፤ ይህም መታሰብ አለበት። መልሱ ባሕር ዛፍን ማውገዝ ሳይሆን ቦታውን መለየት ይመስለናል፤ ከካቡ ውጭ ቢተከል ለገንዘብም ለነፋስ መከላከያም ይሆናል፤ ከካቡ ውስጥ ግን የችግኙን ስፍራ ይወስዳል።

እንዲሁም መቃብር አለ። ቀድሞ አፈር ተመልሶበት ሣርና ዛፍ የሚበቅልበት መቃብር ዛሬ በሲሚንቶ እየታነጸ ይሄዳል፤ እያንዳንዱም ሐውልት አንድ ዛፍ የሚበቅልበትን መሬት ይይዛል። አዲስ አዳራሽ፤ ሰፊ መንገድና ለንግሥ የሚጸዳ ሜዳም እንዲሁ። እነዚህ ሁሉ ለቤተ ክርስቲያን ክብር ተብለው የሚሠሩ ስለ ሆኑ ግዝት አይከለክላቸውም። ከላይ «የጥላ ጥበቃ» ያልነው ድካሙ የሚታየው በዚህ ነው። የእረኛውም ነገር ሊረሳ አይገባም፤ ዐጸዱ ሲዘጋ ከብቱን የት ያሰማራ? በየአጥቢያው ይህ ጥያቄ ካልታሰበበት ካቡ በሌሊት ይፈርሳል።

፯. ማጠቃለያ

በዓለም ላይ የሃይማኖት አባቶች ስለ ፍጥረት ጥበቃ መናገር ከጀመሩ ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ሆኗቸዋል። የቍስጥንጥንያው ፓትርያርክ ዲሚትሪዮስ በ1989 መስከረም 1 ቀን ስለ ፍጥረት የሚጸለይበት ዕለት እንዲሆን ወሰኑ። በ2015 የሮማው ፓፓ ፍራንሲስ ስለ ምድር ጥበቃ ሰፊ መልእክት አወጡ፤ በዚያው ዓመት የሙስሊም ሊቃውንት በኢስታንቡል ተሰብስበው ስለ አየር ጠባይ መለወጥ መግለጫ ሰጡ። በአገራችንም የተቀደሰ ደን የኦርቶዶክስ ክርስቲያኖች ብቻ አይደለም፤ በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባው የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በአባቶች ሥርዐት የሚጠበቁ የተቀደሱ ደኖች አሉት።

በቃል የወጣው ትምህርት ታላቅ ጥቅም አለው። የደቡብ ጎንደር ምሳሌ የሚያስረዳው ግን ምእመኑ የሚነሣው አስቀድሞ በሚያምንበት ነገር በኩል ሲነገረው መሆኑን ነው። ቦታውን ማክበርን አዲስ የሚያስተምረው አላስፈለገም፤ ያስፈለገው በዛፉ ሥር ያለው ችግኝም የዐጸዱ ክብር ክፍል መሆኑን ማየት ነበር። በሲሚንቶው መቃብርና በባሕር ዛፉ ላይም ይኸው ማስተዋል እንዲደርስ ሥራው የካህናቱና የሰበካ ጉባኤው ነው፤ ከእነርሱ ፈቃድ ውጭ የሚደረግ ጥበቃ አይጸናም።

ለባልደረቦቻችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። ብዙዎቻችን ለዕረፍት ወደየአገራችን ስንሄድ በአቅራቢያችን ዐጸድ ያለው ቤተ ክርስቲያን አናጣም። ከቄሰ ገበዙ ፈቃድ ጠይቆ፤ በገመድ 10 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ መሬት ለክቶ፤ በውስጡ ያሉትን ትልልቅ ዛፎችና ችግኞች በየስማቸው መቍጠር የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ካብ ባለውና ካብ በሌለው ዐጸድ የተቈጠረው ጐን ለጐን ቢቀመጥ፤ ሽማግሌዎችም ከብት መግባት የጀመረው መቼ እንደ ሆነ ቢጠየቁ፤ በዚህ መጽሔት ለሚወጣ ጥናት የሚበቃ ማስረጃ ይገኛል። ከተቈጠረም በኋላ ውጤቱ ለቄሰ ገበዙና ለሰበካ ጉባኤው ይነገር፤ ደኑ የእነርሱ ነውና።